ከቀይ ምልክቱ ጀርባ ማን ይኖራል? የደብረ ብርሃን ሰፈርተኞች ክርክር

ነገሩ በኢንተርኔት ላይ የተደረገ የውይይት ክር ነው። ክሩን የከፈተው ሰው ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ነው። ቤቱ ከዋናው አስፋልት ጀርባ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። የጻፈው አጭር ነው። ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው አጥሩን ሁሉ ለኩ። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ለማንም ግን ወረቀት አልሰጡም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን ወሬ ሞልቶታል። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ የእግረኛ መንገድና የመብራት ምሰሶ ሊተከል ነው፣ ከአስፋልቱ ዳር ከፎቅ በቀር አይቆምም ይባላል። ሰውየው ለውጡን አይጠላም። የጠየቀው ሰፈሩ ሲለወጥ ምን ቢነሳ፣ ምን ቢቀር እንደሚሻል ነው። ነዋሪውስ ምን ማለት አለበት?

የኮሪደር ልማት በ2016 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ክርክር በየከተማው አለ። ብዙ ጊዜ ልማት ይምጣ በሚሉና አይምጣ በሚሉ መካከል ስድድብ ሆኖ ያልቃል። ይሄኛው እንዲያ አልሆነም። መሃል ላይ አንዲት ሴት የጻፈችው ነገር ክርክሩን ወደ ቁም ነገሩ መለሰው። ስለዚህ መልሶቹን በየተራቸው ላስነብባችሁ።

1ኛው መልስ ከሰላምታ ይጀምራል። ጸሐፊው ወጣት ሳይሆን አይቀርም፤ ጠያቂውን ጋሼ እያለ ነው የሚጠራው። ለውጡን ይደግፋል። ከተማው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደሴ መንገደኛ ሁሉ በመሃሉ ያልፋል። የሚያየው ግን የዛገ ቆርቆሮና የተንጋደደ አጥር ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ይህን ተሸክመን እስከ መቼ ነው የሚለው።

2ኛው ይስማማል፤ እሱን ያስጨነቀው ግን የከተማው መልክ አይደለም። እህቱ ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ ቅያሱ አፍ ላይ ቆሞ ቀረ። መግቢያው አላሳልፍ አለው። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟት። ሌሊት ነው፣ ክረምት ነው፣ የተሸካሚዎቹ እግር ይንሸራተታል። እናትም ልጅም ተርፈዋል። እሱ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ መንገድ አይስፋ የሚል ሰው መስማት አይችልም። ለድሮው ሰፈር የምንቆረቆር ሁሉ መጀመሪያ ለዚህ ሰው መልስ ሊኖረን ይገባል።

3ኛው አንድ መስመር ነው። አንዲት ሴት የት እንደምትገባ ጠየቀች። ለጊዜው ማንም አልመለሰላትም።

4ኛው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተዋል። ያ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለስንቱ የከተማው ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ እንደኖረ የአገሩ ሰው ያውቃል። ቤታቸውን የሠሩት ከደመወዝ እየቆረሱ ነው። አንድ ዓመት መሠረቱን፣ ሌላ ዓመት ግድግዳውን፣ ቆርቆሮውን በእቁብ ብር። አሁን ገማች መጥቶ ጭቃና እንጨት ብሎ ጽፎ ይሄዳል ብለው ይሰጋሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱበት መሬት ለምን ዋጋ እንደማይወጣለት አልገባቸውም።

5ኛው ያርማቸዋል፤ ደረቅ ባለ አነጋገር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሸጠውም ካሳ የሚቀበልበትም ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ነገሩ ልክ ነው። ግን ለአባት እንዲህ አይጻፍም፤ 6ኛውም የገሠጸው ለዚህ ነው።

7ኛው የሕግ ሰው ይመስላል። የጠቀሰው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በዚያ አዋጅ የሚነሳው ሰው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ሊነገረውና ሊወያይበት ይገባል። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ በጽሑፍ ይደርሰዋል። የቤቱ ካሳ የሚሰላው ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ካሳው ከተከፈለው በኋላ ለመልቀቅ 120 ቀን አለው። ቅሬታ ያለው ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ያመለክታል። ማመልከት የሚችለው ባለይዞታው ብቻ አይደለም፤ በሚነሳው ንብረት ላይ መብት ወይም ጥቅም አለኝ የሚልም ይችላል።

ከዚያ ነጥቡን ወደ ሰፈሩ አመጣው። ቀይ ቀለም ትዕዛዝ አይደለም። ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ፊርማ የለውም። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ወረቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ወረቀት ያልያዘ ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበትም ነገር የለውም። ስለዚህ ሰፈርተኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ካሳ ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ይህን መልስ አትሞ በየበሩ የሚለጥፍ ሰው ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

8ኛው በጨዋነት ይጨምራል። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 ተሻሽሏል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በየስልኩ የሚዞረውን ማጠቃለያ አምኖ ቢሮ መሄድ ጉዳት አለው። 7ኛው አመስግኖታል።

9ኛው ሁለቱንም አልወደደም። ዶዘር በር ላይ ሲቆም የአንቀጽ ቁጥር የሚሰማ የለም ባይ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። 10ኛው ግን ልምዱን አካፈለው። አክስቱ ቤት ሲለካ ከዋናው ቤት ተለይቶ የተሠራው ማድ ቤት ሳይጻፍ ቀረ። ቅሬታ አስገቡ፤ እንደገና ተለክቶ ተጨመረ። ብዙ ብር አይደለም። ግን በጽሑፍ ስለጠየቁ ነው የተገኘው።

11ኛው ላይ ያቺ አንድ መስመር የጻፈችው ሴት ተመለሰች። አሁን ዘርዘር አድርጋ ነው።

የምትኖርበት ግቢ የውጭ በሩ አንድ ነው። ቀይ ምልክቱም አንድ ነው። ለኪዎቹ የጻፉት ስምም አንድ ነው፤ የአከራይዋን። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን አራት በር አለ። የመጀመሪያው የአከራይዋ ነው። ሁለተኛው የእሷና የሁለት ልጆቿ። ሦስተኛው ውስጥ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት የሚሠሩ፣ ከመንዝ የመጡ ልጆች አሉ። ፈረቃቸው ስለሚለያይ አንዱን ፍራሽ በየተራ ይተኙበታል። አራተኛው ውስጥ ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ አለ። ቆጣሪው አንድ ነው። የውሃ ቧንቧው አንድ ነው። ሽንት ቤቱም አንድ ነው። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ በአምፖል ቁጥር ይካፈላሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ጨምራ ትከፍላለች። ለሁሉም የሚበቃ ፀሐይ የሚገኘው ጠዋት ግቢው መሃል ነው፤ ልጆቿም የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እዚያ ነው።

ካሳ ቢመጣ ለአንዱ በር ይመጣል። ምትክ ቦታ ቢሰጥ ለአንዱ በር ይሰጣል። ለሦስቱ በሮች ማንም ምንም አልጠየቀም። ሴትዮዋ በአከራይዋ አልተማረረችም፤ እንደ እናት ናቸው ትላለች። የሚያስለቅሳት መለካቱ ሳይሆን ሳትቆጠር መቅረቷ ነው።

ክሩ ከዚህ በኋላ ሌላ ክር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ስለ አጥር፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ካሬ ሜትር ነበር የሚወራው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሰፈር የሚለካ ሰው ግድግዳውን ከመለካቱ በፊት በግድግዳው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ይጻፍ። ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ሥራ ሲጀምር፣ ዩኒቨርሲቲውም በ1999 ሲከፈት፣ የመጣውን ሠራተኛና ተማሪ በብዛት ያስጠጋው አዲስ ሕንፃ አልነበረም። እንዲህ ያለው የጓሮ ክፍል ነው። ክፍሉ ከፈረሰ ያ ሰው ከነሻንጣው መንገድ ላይ ነው፤ የቀረው ሰፈርም ኪራይ በአንድ ጊዜ ይሰቀላል።

12ኛውና 13ኛው አዝነውላታል። 13ኛው አንድ ጠቃሚ ነገር ተናገረ። በሌላ ከተማ እንደታየው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲነሳ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ያገኛል። የግለሰብ ቤት ተከራይና ደባል ግን ስሙም አይነሳም።

14ኛዋ የቀበሌ ቤት ተከራይ ናት። አረቄ አውጥታ ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ኮንዶሚኒየም ይሰጥሻል ሲሏት ደስታዋ ግማሽ የሆነበትን ምክንያት በዝርዝር ጻፈችው። ጥንስሱ የሚቀመጠው በጋን ነው፤ ጋኑ ቦታ ይፈልጋል። ማውጫው ጓሮ ነው። እሳቱ ሳይበረታም ሳይደክምም እንዲነድ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። መቀበያው ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ይቀየራል። አተላውን ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ይወስዱታል፤ እሱም ገንዘብ ነው። ይህን ሁሉ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚፈቅድላት የለም። ደንበኞቿም ደረጃ አይወጡም። ቤት አግኝታ እንጀራዋን ልታጣ ነው።

15ኛዋ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ ናት። የምትጋግረው በኩበትና በባህር ዛፍ ቅጠል ነው። 16ኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንድትገዛ መከራት። 17ኛዋ ደግሞ መብራት በጠፋ ቀን ሆቴሉ እንጀራውን እንደማይተውላት አስታወሰችው።

18ኛው ክሩን አሻከረው። ጭሱና አረቄ ቤቱ እንዲጠፋ ነው ልማት የምንፈልገው የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ ነው። ከተማው ሪጂኦፖሊታን በሚባለው ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ ተመድቦ የጓሮ መጥመቂያ አያምርበትም ባይ ነው። 14ኛዋ ሴት አልተሳደበችም። እሱ በሚጠየፈው ጭስ ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደላከች ጻፈችና ተወችው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። አረቄ የሚያመጣውን ጣጣ አላጣሁትም። ግን ለሴትዮዋ ሌላ መተዳደሪያ ሳያሳዩ እሳቷን ማጥፋት ከተማውን አያሳምረውም።

ከዚያ ጨዋታው ወደ ታሪክ ፈሰሰ። 19ኛው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩትን ከተማ እንዴት እንደ ትናንት ሰፈር እናያለን ብሎ ተነሳ። በሰማይ ስለታየው ብርሃንም አነሳ። 20ኛው ያ ብርሃን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1456 የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ትሆናለች የሚሉ የታሪክ ሰዎች እንዳሉ ጨመረ። 21ኛው ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት የተሳለበት ሥላሴ ሰፈራችን ውስጥ እያለ ሲል፣ 22ኛው አረመው፤ ያ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የእኛው ሥላሴ ሌላ ነው፣ መጀመሪያ ያሠሩትም ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ጥሩ እርማት ነው። ግን ታሪኩ ለቀይ ምልክቱ ምን እንደሚጠቅም ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልፌዋለሁ።

23ኛውን ግን እንዳታልፉት። ሴትየዋ ከተማው ውስጥ ችግኝ የምታፈላ ናት። ከአዲስ አበባ ኮሪደር የተቀዳ ንድፍ እንዳይመጣብን ትፈራለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ለዘንባባ የሚወጣው ብር በአንድ ውርጭ ይቃጠላል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ የአገሩን ብርድ ያውቁታል፤ እነሱ ይተከሉ ትላለች። ሁለተኛው ነጥቧ የባሰ ነው። በምሥራቅ በኩል አራት ፎቅ ሲቆም ከጀርባው ያለው ግቢ እስከ ረፋድ ፀሐይ አያገኝም። እንዲህ ባለ ብርድ አገር የጠዋት ፀሐይ ለሽማግሌና ለአራስ መድኃኒት ነው። ብቅል የሚሰጣው በእሷ ነው። ገብስ የሚደርቀው፣ ልብስ የሚደርቀው በእሷ ነው። ፎቅ ሲፈቀድ ጥላው የት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ አለ ወይ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከነዋሪ በቀር ከማንም አይመጣም።

24ኛው የግንባታ ፎርማን ነው። እሱ የፈራው ውሃ ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አዲስ መንገድ ሲሠራ ገረጋንቲ እየተሞላ ከፍ ይላል። ቤቶቹ እዚያው ዝቅ ብለው ይቀራሉ። ቦዩና ቱቦው በደንብ ካልተሠራ የክረምቱ ጎርፍ አቅጣጫውን ወደ ግቢ ያዞራል። ስለዚህ ያልተነሳውም ሰው ይመለከተዋል። ምልክት ያልተቀባባቸው ጎረቤቶች እፎይ ብለው እንዳይቀመጡ አስጠነቀቀ። የመንገዱን ከፍታ አሁኑኑ ጠይቁ አለ፤ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ዋጋ የለውም።

25ኛው ከደብረ ሲና ነው፤ ትንሽ ከመንገድ የወጣ ግን ልብ የሚነካ ነው። አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች አነሳ። መንገድ ሲታደስ መቆሚያው ትንሽ ራቅ ካለ ገበያቸው አለቀ። የመንገድ ንድፍ ላይ መኪና፣ ብስክሌትና እግረኛ ይሳላል። ሰፌድ የያዘች ሴት አትሳልም።

26ኛዋ ከአዲስ አበባ ናት። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤቷ። በ2016 ከተነሱት መካከል ናት፤ ጎረቤቶቿ ገላን ጉራም፣ ሌላም ሌላም ቦታ ሄዱ። ለእውነት ትመሰክራለች። አዲሱ ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ሽንት ቤቱ የራሷ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ይህን ሳትደብቅ ጻፈች። ያጣችው እድሩን ነው። ጎረቤት ሲበተን ድንኳኑ የት ይቀመጥ? ለቅሶ ሲደርስ ማን ውሃ ይቅዳ፣ ማን ወንበር ይሸከም? አሁን መዋጮው በቴሌብር ይገባል። ገንዘቡ ይደርሳል። ሰው ግን ሁለት ታክሲ ይዞ ሌሊት ሊያድር አይመጣም። የመከረችው አንድ ነገር ነው። መነሳት ካልቀረ በአንድ ላይ፣ በእድር እንዲመደቡ ከወዲሁ ይጠይቁ። እነሱ ያን ሳይጠይቁ ቀሩ፤ ዕጣ ሲወጣ እያንዳንዱ ለየብቻው ሆነ።

ይህ ምክር ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዝርዝሩን ቀድሞ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቀጥሎ የመጣው ጠብ ያበሳጨኝ።

27ኛው ሰፈርተኛ ማን ነው ብሎ ጀመረ። በእሱ አስተያየት ሰፈርተኛ ማለት እዚያ የተወለደ፣ ቤት ያለው፣ እድር የሚከፍል ነው። ትናንት የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነገም ይሄዳል፤ ስለ ሰፈሩ አያገባውም። 28ኛው ደገፈው፣ ባሰበትም፤ ኪራዩን ያስወደዱት፣ ሰፈሩን ያጨናነቁት እነሱ ናቸው አለ። 29ኛው መጀመሪያ በአንቱታ ነበር የጻፈው። መሃል ላይ ወደ አንተ ወረደ፣ መጨረሻ ላይ የሚደገም አይደለም። ክሩን የከፈተው ሰው 30ኛው ላይ ገብቶ ሁሉንም አበረዳቸው። የ27ኛው አባት ራሳቸው ከገጠር መጥተው በጓሮ ክፍል ተከራይተው እንደጀመሩ እሱም እንደሚያውቅ አስታወሰው። ጎረቤት ስለሆኑ እንጂ ለማዋረድ አልነበረም።

31ኛዋ ከእነዚያ የፋብሪካ ልጆች አንዷ ናት። በስልክ እየቆራረጠች የጻፈችው ነው። ከደመወዟ ኪራይ ትከፍላለች፣ መንዝ ላሉት እናቷ ትልካለች። የእድር አባል ልትሆን ጠይቃ ነበር፤ ቤት የላትም ተብሎ ተመለሰች። ታዲያ እድር አትከፍልም ተብላ መወቀሷ አልገባትም። እዚህ ላይ 27ኛው ዝም አለ። መልካም አድርጓል።

32ኛው ያን ተከትሎ ሐሳብ ይዞ መጣ። የእድር ጸሐፊ ነው። እድሩ መዝገብ አለው፤ አባወራና እማወራ፣ ከመቼ ጀምሮ አባል እንደሆኑ፣ ቤተሰባቸው፣ ሁሉም ተጽፏል። ከየትኛውም ቢሮ ፋይል ይልቅ እዚያ መዝገብ ላይ ማን የት እንደሚኖር ይታወቃል። ስለዚህ ለኪዎቹ እንደገና ሳይመጡ ሰፈሩ ራሱን ይመዝግብ። በየውጭ በሩ ሳይሆን በየውስጥ በሩ። አባል የሆነም ያልሆነም። ስም፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ልጆች የት እንደሚማሩ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩ። ከዚያ ደብዳቤው ጋር ተያይዞ በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ቅጂው ላይ ማህተም ይመታ።

33ኛው፣ 34ኛውና 35ኛው ደገፉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጅ ለመገናኘት ተቀጣጠሩ።

ከባዱ ነገር የመጣው 36ኛው ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሰው ደባል አስገብቶ ከሆነ ያን በጽሑፍ ማስፈር ራሱን ማጋለጥ ነው። ቤቱን ሊነጠቅ ይችላል። የግል ቤት ያለውም የኪራይ ገቢ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ተከራዩን አያስመዘግብም። 37ኛው ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አነሳ። አዋጁ ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ እዚያ መኖሩን የሚያስረዳበት ነገር በእጁ አለ። አከራይ ግብር ፈርቶ ውል ሲከለክል ተከራዩን ከነጭራሹ እንደሌለ እያደረገው ነው ባይ ነው። ልክ ነው። የ36ኛው ፍርሃትም ግን እውነተኛ ነው፤ ድሃ ድሃን ያስጠጋበት ቤት ነው የተነካው። አዋጅ በመጥቀስ ብቻ አይፈታም።

38ኛው መካከለኛ መንገድ ፈለገ። ዝርዝሩ ላይ የኪራይ ዋጋ አይጻፍ፣ ማን ለማን እንዳከራየ አይጻፍ። እዚህ በር ውስጥ እነዚህ ሰዎች ይኖራሉ፤ ይህ ይበቃል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሰው መኖሩን ለማወቅ ደረሰኝ አያስፈልግም።

39ኛዋ ያቺ አረቄ አውጪ ናት። ቀበሌ ቤቷ ውስጥ ያስጠጋቻቸውን ሁለት ሰዎች ራሷ እንደምታስጽፍ አሳወቀች። እነሱ ሳይጻፉ ብቻዋን ኮንዶሚኒየም ብትገባ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሌሎቹም እንዲያስቡበት ጠየቀች። ሁለት ሰዎች ተከትለዋት እሺ አሉ። አንዱ አከራይ አሁንም እያቅማማ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ልምከር ብሏል።

42ኛው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የፋብሪካዋ ልጅ እሑድ የቀን ፈረቃ ላይ ናት፤ ከእሷ ጋር የሚኖሩት ደግሞ የሌሊት ተረኞች ስለሆኑ በዚያ ሰዓት ተኝተው ነው የሚገኙት። ሳይጻፉ እንዳይቀሩ ሰጋች። የእድሩ ጸሐፊ ማክሰኞ ማታ፣ ፈረቃ ሳይቀየር፣ መዝገቡን ይዞ በራቸው ድረስ እንደሚመጣና የሥራ መታወቂያቸውን አዘጋጅተው እንዲጠብቁት ጻፈላት።